ተቆርጦ ለመጣ ካኪ

በሕይወቴ በብዙ ነገር ቀንቻለሁ። በጎረቤቴ አዲስ ቆርቆሮ ቀንቻለሁ፤ በታላቅ ወንድሜ ጸጉር ቀንቻለሁ፤ አንድ ሰሞን ዶሮዎቹ ከኔ ዶሮዎች አብልጠው በሚጥሉለት ሰው ቀንቼ ሰላምታ ሁሉ ነሥቼዋለሁ። አብሮኝ ይሠራ እንደነበረ አንድ ልብስ ሰፊ ግን አንጀቴን ያሳረረው የለም። የቀናሁትም በመልኩ ወይም በሀብቱ አይደለም። ቀኑን ሙሉ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ በሚውላት፣ ዳርና ዳሯ በተበላ አንዲት ሜትር ነው።

እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ። ነበርኩ ልበል እንጂ፤ ዓይኔ የመርፌ ቀዳዳ ማየት ካቆመ ቆይቷል። ሙያውን የተማርኩት ፒያሳ፣ አንድ አርመን ዘንድ ነው። ያ ሰው ካስተማረኝ ሁሉ ትልቁ በዓይን መለካት ነበር። ደንበኛው በሩ ላይ ሲደርስ፣ ገና "እንደምን ዋላችሁ" ሳይል፣ የትከሻውን ስፋት፣ የወገቡን ዙሪያ፣ የእጅጌውን ርዝመት ማወቅ። ሜትር ለጀማሪ ነው ይለን ነበር። እኔም አመንኩት፤ እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ሳይ መጀመሪያ የማየው ትከሻውን ነው። በኋላ ንፋስ ስልክ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ፤ ባለ አንድ በር፣ ባለ አንድ የስፌት መኪና። አብዮቱ መጣና ሱቁም መኪናውም የልብስ ሰፊዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ገቡ፤ እኔም አብሬያቸው ገባሁ።

ማኅበሩ ከጎፋ ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ተሰጠው። ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር አሉ፤ ክረምት ሲገባ ወለሉ የረጠበ እህል ይሸታል። ዝናብ ሲዘንብ ጮኸን ካልሆነ አንሰማማም። አንድ መስኮት ነበረው፣ አንድ ብቻ። በሱ በኩል ከመንገዱ ባሻገር ያለው ማሳ ይታያል። ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው ጀሞም ሁሉ ያኔ እርሻ ነበር።

ሥራችን ካኪ ነበር። የሴቶች ማኅበር ካኪ፣ የወጣቶች ማኅበር ካኪ፣ የአብዮት ጥበቃ ካኪ። ለአብዮት በዓል ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ለብሶ እንዲሰለፍ ይታዘዛል፤ ጨርቁም ከላይ፣ ከሌላ ቦታ፣ በጥቅል በጥቅሉ ተቆርጦ ይመጣል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ፤ በቃ። የኛ ድርሻ መገጣጠም፣ ኮሌታ ማዞር፣ ኪስና ቁልፍ መትከል ነው። ለባሹ በተራው ይመጣል፤ ከኛ አንዱ ያየውና "ትልቅ" ወይም "መካከለኛ" ይላል፤ ጸሐፊው ይመዘግበዋል፤ ሰውዬው ይሄዳል። ፒያሳ የሠለጠነው ዓይኔ ሦስት ቃል ብቻ ቀረለት። ቢሆንም በነዚያ በሦስቱ ቃላት እኮራ ነበር። ተሳስቼ አላውቅም።

ሰውዬው የመጣው ማኅበሩ ከተቋቋመ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ከከምባታ በኩል የመጣ፣ አጠር ያለ፣ ጣቶቹ ወፋፍራም፣ በኔ ዕድሜ አካባቢ ያለ ሰው። ጴንጤ ነው ይባል ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህ ጮክ ተብሎ የሚወራ ነገር አልነበረም፤ እሱም አንሥቶት አያውቅም። ሲሰፋ ብቻ ከንፈሩን ሳይከፍት በአፍንጫው የሚያዜማት አንዲት ዜማ ነበረችው። መኪናውን ከኔ ፊት ለፊት፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጡለት። ያቺን ቦታ እኔ ጠይቄ የተከለከልኳት ናት። ስፌቱን አየሁት። ደህና ነው፤ ከኔ ግን አይበልጥም። ይህን የምለው ቅናት ይዞኝ አይደለም፤ ኮሌታው ሁልጊዜ ወደ ግራ ትንሽ ይንጋደድበት ነበር።

በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ልትለካ መጣች። እኔ ከመቀመጫዬ ሳልነሣ "መካከለኛ" አልኩ። እሱ ግን መኪናውን አቁሞ ተነሣ።

"ነይ እህቴ፣ ወደ መስኮቱ ዞር በይልኝ" አላት።

ዞረች። ከኋላዋ ቆሞ ሜትሯን ከአንገቱ አወረደና ከአንዱ ትከሻዋ እስከ ሌላው ዘረጋት። "ትከሻ" አለ። ሜትሯን እንደዘረጋ ቆመ።

"ኧረ እኔስ ትከሻም የለኝ" አለች ሴትዮዋ። "ሌሊት ፈረቃ ነበርኩ። ካርቶን ስሸከም ነው ያደርኩት።"

"ጀርባ" አለ፤ ሜትሯን ከአንገቷ ሥር ወደ ታች ለቀቃት። ሴትዮዋ ስለ እናቷ ሕመም ጀመረች። "እጅ" አለ፤ ስለ ባሏ ቀጠለች። እንዲህ ፊቷን ወደ ማሳው አድርጋ፣ ማንንም ሳታይ፣ የፋብሪካው ሳይረን እስኪጮኽ ድረስ አወራች። ስትሄድ እንደ ገባችው ሆና አልሄደችም፤ አረማመዷ ሁሉ ቀለል ብሎ ነበር። እሱ ወደ ጸሐፊው ዞር ብሎ "መካከለኛ" አለ። እኔ ካልኩት ላይ አንዲት ቃል አልጨመረም!

ከዚያ በኋላ ወረፋው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። የቀበሌው ሴቶች፣ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጮች፣ ከፉሪ በኩል የሚመጡ የገበሬ ማኅበር ሰዎች። ለገበሬዎቹ በተሰባበረ ኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶ ያዞራቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ እነሱ ያወራሉ፣ እሱ ግማሹን ይስማ አይስማ አላውቅም፣ ብቻ ቆሞ ያዳምጣል። ሁላችንም አይተነው መንገድ የምንለውጥለት አንድ አብዮት ጥበቃ ነበር፤ እሱ እንኳን አንድ ቀን ጠመንጃውን ከግድግዳው አስደግፎ ወደ መስኮቱ ዞረ። "ትከሻ" ሲባል ምን እንዳለ አልሰማሁም። በእጅጌው አፍንጫውን ሲጠርግ ግን አይቻለሁ።

ስለ እንጀራ አልነበረም የምቀናው። የማኅበሩ ገቢ ለሁላችንም እኩል ነው የሚከፈለው፤ ወረፋ የበዛለትም ያልበዛለትም ያንኑ ይወስዳል። እንዲያውም እሱ ቆሞ ሲለካ እኔ ተቀምጬ ስለምሰፋ ልፋቱ የኔ ነበር። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ሰው በበሩ ይገባል፤ እኔን ያያል፤ አልፎኝ ይሄዳል። ሠላሳ ዓመት የሞላው የመርፌ ልምድ ይዤ እንደ በርጩማ ታለፍኩ።

ምን ያላደረግሁት አለ? ጸጉሬን በየሳምንቱ መቆረጥ ጀመርኩ። ከቤቴ መስታወት አምጥቼ ከመኪናዬ በላይ ሰቀልኩ፤ ሰው መልኩን ማየት ይወዳል ብዬ። መጡ፣ መስታወቱ ውስጥ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጥርሳቸውን አዩ፣ ከዚያም ወደ መስኮቱ ሄዱ። ሚስቴ መስታወቷን ጠይቃ መልሳ እስክትወስደው ድረስ ለሱ ደንበኞች መዋቢያ ሆኜ ቆየሁ።

አንድ ቀን ግን ጉዱን አገኘሁት። ልቡን ሳይሆን እጁን ስከታተል ነው ያገኘሁት። ሰውዬው አይጽፍም! ትከሻ ይላል፣ ጀርባ ይላል፣ እጅ ይላል፤ ቁጥር አይጠራም፣ ማንም ቁጥር አይጽፍለትም። ሜትሯንም ቀረብ ብዬ አየሁ፤ ግማሹ ቁጥር ተፍቆ ጠፍቷል። ጨርቁ ተቆርጦ የመጣ፤ ሜትሯ ቁጥር የሌላት። ይህ ሁሉ ወረፋ ለባዶ ነው። የዚያን ቀን ራቴን በደስታ በላሁ።

ወዲያው ግን አላጋለጥኩትም። በየሳምንቱ ሂስና ግለ ሂስ ነበረን፤ እዚያ ተነሥቼ "ጓዶች፣ ይህ ሰው የሥራ ሰዓት ያባክናል፣ ብዙኃኑን ያታልላል" ማለት እችል ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ መለስኩት። በዚያ ዘመን እዚያ ስብሰባ ላይ የተነገረ ነገር እዚያው አይቀርም፤ ሰውዬው ደግሞ በጸሎቱ ምክንያት አስቀድሞ ዓይን የተጣለበት ነው። ቀናተኛ ነኝ እንጂ ነፍሰ ገዳይ አይደለሁም። የምፈልገው ሰዎቹ እንዲስቁበት ብቻ ነበር። ቀን ጠበቅሁለት።

እዚህ ላይ ስለ ቤቴ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የቀረው አይገባም።

አንድ ልጅ ነበረን፤ ወንድ። አሥራ ስምንት ዓመት እንደ ሞላው ብሔራዊ ውትድርና ደረሰውና ከቀበሌው ግቢ በመኪና ተጭኖ ሄደ። ማሠልጠኛ መግባቱን ሰማን፤ ወደ ሰሜን መሻገሩን ሰማን፤ ከዚያ ወዲያ የሰማነው የለም። ሚስቴ በመጀመሪያው ሰሞን ማታ ማታ ታነሣው ነበር። "አሁን በልቶ ይሆን?" ትላለች። እኔ ስሙ በተነሣ ቁጥር "በቃ፣ ተይው" እልና ሬዲዮኑን ከፍ አደርጋለሁ። ተወችው። ልጁን ብቻ ሳይሆን ወሬውን በሙሉ ተወችው። "ራት ቀርቧል"፣ "ከሰል አልቋል"፣ "በሩን ዝጋ" ሆነ ንግግራችን። ለወራት ከዚህ ያለፈ ቃል ከአፏ አልሰማሁም። የሚስቴ ድምፅ ናፍቆኝ ነበር፤ አፍ አውጥቶ መጠየቅ ግን የት ይምጣልኝ።

እንዲህ እንዳለን ነው የሴቶች ማኅበር ካኪ የደረሰው። የቀበሌያችን ሴቶች ተራ በደረሰበት ቀን ጠዋት ከቤት ስወጣ "አንቺ አትምጪ፣ መካከለኛ ብዬ አስመዘግብልሻለሁ" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። እንደተስማማች ቆጠርኩት።

ከምሳ በኋላ ቀና ስል ሚስቴ በሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ የእሑድ ጫማዋን አድርጋ። ደስ አለኝ። ወደ እኔ ልትመጣ ነው ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ለማንም አልተነሣሁም ነበር። አየችኝ፤ በዓይኗ ሰላም አለችኝ፤ አልፋኝ ሄደች። ወረፋ ያዘች። ተራዋ ሲደርስ፣ ማንም ሳይላት፣ ራሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"ትከሻ" አለ።

ጀርባዋን ነው የማየው። ብዙም ሳይቆይ ነጠላዋ ሲነቃነቅ አየሁ። እያወራች ነው። ረጅም ወሬ ነው፤ እጇ ሁሉ ከነጠላው ወጥቶ አየሩ ላይ የሆነ ነገር ይለካል፣ ከፍ ይላል፣ ይሰፋል። እሱም ከሌላው ጊዜ በተለየ አንድ ነገር መለሰላት፤ እሷም ሳቀች። ሳቀች! ያን ሳቅ መቼ እንደሰማሁት ራሴም ዘንግቼዋለሁ። ሳቋን ስትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገች። ከመኪናዎቹ ጩኸት አንዲት ቃል እንኳ ለይቼ መስማት አልቻልኩም። ዓይኔን ወደ ሥራዬ ስመልስ ኪሱን ከነአፉ ዙሪያውን ሰፍቼ ዘግቼዋለሁ፤ እጅ የማይገባበት ኪስ። ሌላ ሴት ብትሆን ሌላ ነገር ልጠረጥር እችል ነበር፤ ያንን ብጠረጥር ይሻለኝ ነበር። ያ ሰው ሚስቴን አልነካብኝም። ከኔ የተደበቀውን ወሬዋን ነው የወሰደብኝ።

ማታ ራት ላይ አላስቻለኝም።

"ምን አለሽ?"

"ማን?"

"ማን ይሆናል? ያ ሰውዬ ነዋ።"

"ለካኝ።"

"ምን ብለሽው ነው የሳቅሽው?"

እጇን ታጥባ ትሪውን አነሣች። "በሩን ዝጋ፣ ብርድ ይገባል" አለችኝ።

በማግሥቱ ሥራ የገባሁት ስጠብቃት የነበረችው ቀን ደረሰች ብዬ ነበር። ወረፋው በሩን አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል። ሰውዬው አንዲት አሮጊት ወደ መስኮቱ አዙሮ "ጀርባ" ሲል መቀሴን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ተነሣሁ።

"ሰዎች!" አልኩ። መኪናዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ። "ምን ያስቆማችኋል? ጨርቁ እኮ ተቆርጦ ነው የሚመጣው! ሦስት ልክ ነው ያለው! ይህ ሰው ሲለካችሁ የሚጽፈው አንዲት ነገር የለም። ሜትሩን እዩት፣ ቁጥር እንኳ የለውም! ተታላችኋል!"

የጠበቅሁት ሁካታ ነበር። ሰዎቹ ግን ያዩኝ የነበረው አንድ የታመመ ሰው ትኩሳት ይዞት ሲቀባጥር እንደሚታየው ነው። አሮጊቷ ከመስኮቱ ዞር አሉና፣

"ውይ ልጄ" አሉኝ፣ "ተቆርጦ መምጣቱንማ ማን ያጣዋል? ባለፈውስ ዓመት፣ ካቻምናስ ያው አይደል እንዴ የለበስነው? ይልቅ ወረፋውን አታጓትብን።"

አንዱ ከኋላ ሳቀ፤ ከዚያ ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ እሱ ነው የባሰው። ሰውዬው ግን አልሳቀም። "ልክ ነው ወንድሜ፣ ተቆርጦ ነው የሚመጣው" አለ። ቀጥሎም ሜትሯን ወደ እኔ ዘርጋ አድርጎ፣ "አንተንስ ልለካህ?" አለኝ።

ሲያላግጥብኝ መስሎኝ ካፖርቴን አንሥቼ ወጣሁ። ጣቴ ላይ ያጠለቅሁትን የመርፌ መግፊያ ሳላወልቅ ነው ቤቴ የደረስኩት።

ሚስቴ ደጃፍ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። በዚያ ሰዓት ስታየኝ ደነገጠች፤ የልጁ መርዶ መሰላት መሰለኝ፣ እርጥቡ አንሶላ ከእጇ ወደቀ። "ምንም የለም፣ ምንም የለም" አልኩ ቶሎ ብዬ። ከዚያ እንደ ሕፃን ተናገርኩት፤ ተነሥቼ ያልኩትን፣ የሳቁትን፣ አሮጊቷ ያሉኝን።

"ሁሉም ያውቃሉ" አልኳት። "እያወቁ ነው የሚለኩት።"

"እኔስ የልብስ ሰፊ ሚስት አይደለሁ?" አለች። "ተቆርጦ መምጣቱን ካንተ አፍ አይደል የሰማሁት?"

እውነቷን ነው። ከዚያ ወረፋ ሁሉ ቀድማ የምታውቀው እሷ ነበረች። ይህ እንዴት እስከዚያች ደቂቃ እንዳልታየኝ እንጃ።

"ታዲያ ለምን ሄድሽ?"

አንሶላውን አንሥታ አፈሩን አራገፈች። "ልጁን ለክቶታል" አለች።

አልገባኝም። አስረዳችኝ። ልጁ ከመሄዱ በፊት ለወጣቶች ማኅበር ሰልፍ ካኪ ሲወስድ እኔ ክር ላመጣ መርካቶ ሄጄ ነበር። ያን ቀን በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ጠዋት ለጸሐፊው "ለልጄ መካከለኛ" ብዬ ተናግሬ ነው የወጣሁት። ስመለስ "ትልቅ" ተሰጥቶት አግኝቼ ጸሐፊውን ተሳስተሃል ብዬ ተጨቃጭቄዋለሁ። ልጁም ለብሶት ሲሰለፍ ሰፍቶታል ብዬ ስነጫነጭ ነው የዋልኩት። ጸሐፊው አልተሳሳተም ነበር። ልጁ ወደ መስኮቱ ሄዶ ተለክቷል፤ ለእናቱም ነግሯታል።

"ለምን እኔን አልጠየቀኝም? አባቱ ልብስ ሰፊ ሆኖ!"

"ስንት ጊዜ ጠየቀህ" አለች ሚስቴ። "'አንተን በዓይኔ አውቅሃለሁ፣ ምን መለካት ያስፈልግሃል' አይደል የምትለው? የምትሰፋለትን ሸሚዝ ሁሉ እኮ እኔ ነኝ ከትከሻው ፈትቼ የምለቅለት። ይጠበው ነበር። እንዳትከፋ ብሎ 'አትንገሪው' ይለኛል።"

ተቀመጥኩ፤ የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ። እሷ እያሰጣች ማውራቷን ቀጠለች። ወራት ሙሉ የታመቀ ወሬ ነው። ሰውዬው ዘንድ የሄደችው ልጁ እዚያ ቆሞ ምን እንዳለ ለመስማት ነበር፤ እዚያ መስኮት ጋ ዝም ብሎ የተለካ ሰው እንደሌለ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። ምን እንዳለ ስጠይቃት ግን አልነገረችኝም።

"ሄደህ ጠይቀው" አለች። "ልጅህ ነው።"

በበነጋው ሌሎቹ ሳይገቡ ቀድሜ ገባሁ። እሱ ሁልጊዜም ማልዶ ነው የሚመጣው፤ ካውያውን እያቀጣጠለ ነበር። "እንደምን አደርክ" አለኝ፤ የትናንቱን አላነሣም። ብንጣላ ይቀለኝ ነበር። ምን ብዬ ልጀምር? መስኮቱ ጋ ሄጄ ጀርባዬን ሰጠሁት።

"ለካኝ" አልኩ።

ከሰሉን ትቶ መጣ። ሜትሯ ትከሻዬ ላይ ስታርፍ ምንም አትከብድም። ከኋላዋ ግን ሁለቱ ወፋፍራም እጆቹ ነበሩ፤ እነሱም ሞቀዋል፣ ካውያ ሲያቀጣጥሉ የቆዩ ናቸው። ስንት ዓመት ሰው ስለካ ኖሬ እኔን ማንም ለክቶኝ እንደማያውቅ ያኔ ታወቀኝ። ፊት ለፊቴ ማሳው ብቻ ነው ያለው። ማንም አያየኝም።

"ትከሻ" አለ።

ሊያስቀኝ ይችላል ብዬ ነበር፤ አላሳቀኝም። "ልጄ እዚህ ቆሞ ምን አለህ?" አልኩ።

"ብዙ አላወራም። ልጅ አይደል" አለ። "ትከሻ ስለው፣ 'የአባቴ ይበልጣል ወይስ የኔ?' ብሎ ጠየቀኝ። ፊት ለፊት ስለምትሰፋ ያንተን አውቀዋለሁ። 'የአንተ ይበልጣል፣ አባትህን አልፈኸዋል' አልኩት።"

"ደስ አለው?"

"የለም" አለ። "ትከሻውን ዝቅ አደረገ። ዝቅ አድርጎ፣ 'አሁንስ?' አለኝ።"

ሜትሯ ትከሻዬ ላይ እንዳረፈች ናት። ውጭ አንድ ገበሬ በሬዎቹን እየነዳ ወደ ማሳው ገባ። ሰውዬው "ጀርባ" አላለም፤ እኔ ዞር እስክል ድረስ እጁን ከትከሻዬ ሳያነሣ ጠበቀኝ።

ልጃችን አልተመለሰም። ይህን የምጽፈው ማንንም ላስለቅስ ብዬ አይደለም፤ በዚያ ዘመን በሠፈራችን ጎደሎ የሌለበት ቤት ጥቂት ነበር። ከሚስቴ ጋር ግን ማታ ማታ ስለ ልጁ ማውራት ጀመርን፤ ሬዲዮኑ ሳይከፈት። የምታወራው ከኋላዋ ቆሜ ትከሻዋ ላይ እጄን ሳሳርፍ ነው። አንዳንዴ "ያ ሰውዬ እንዲህ አይጫንም ነበር" ትለኛለች፤ ያኔ እንደ ገና ይነደኛል።

ሰውዬው ደርግ ሳይወድቅ ወደ አገሩ ገባ። ሲሰናበተኝ ሜትሯን ሊተውልኝ ፈልጎ ነበር፤ አልቀበልም አልኩት። ኮሌታው ዛሬም ወደ ግራ የሚንጋደድ ይመስለኛል። እኔ በዓይኑ የሚለካ ልብስ ሰፊ ተብዬ ኖሬ አረጀሁ፤ ልጄ ከአባቱ ላለመብለጥ ትከሻውን ዝቅ ሲያደርግ ያየው ግን እሱ ነው። እቀናበታለሁ።